«ሰማያዊ ሆነ፤ መርዝ ነው»፦ ስለ ቦሌት እንጉዳይ የማይለቁን ስህተቶች

ቅጠላቸውን በሚያረግፉ ዛፎች ደን ውስጥ፣ ኦክ ወይም ቢች ሥር፣ ከቆቡ በታች እንደ ስፖንጅ የተቦረቦረ ወፍራም እንጉዳይ ይገኛል። ቦሌት የሚባለው ይህ ነው። ያገኘው ሰው ወዲያው ይቆርጠውና «ሰማያዊ ሆነ፤ መርዝ ነው አይደል?» ይላል። ከዚህ ብቻ አይታወቅም ቢባል የሚቀበል ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ከእሱ እንጀምር።

«ሰማያዊ ከሆነ መርዝ፣ ካልሆነ ደህና ነው።»

ሰማያዊው ቀለም ራሱ መርዝ አይደለም። የብዙ ቦሌቶች ሥጋ ቫሪጌቲክ አሲድ የሚባል ቢጫማ ውሁድ አለው። ቢላዋው ሕዋሳቱን ሲሰብር ውሁዱ የአየር ኦክስጅን ያገኘውና ወደ ሰማያዊ ይለወጣል። የተቆረጠ ፖም ቡናማ የሚሆነውም ኦክስጅን አግኝቶት ነው፤ ፖሙን ግን ማንም መርዝ አይለውም።

ደንቡ በሁለቱም በኩል አይሠራም። ኒዮቦሌተስ ሉሪዲፎርሚስ የተባለው ቦሌት ከቆቡ ሥር ያሉት ቀዳዳዎቹ ብርቱካናማ ቀይ፣ እግሩ በደቃቅ ቀይ ነጠብጣብ የተሸፈነ ነው። ሲቆረጥ በቅጽበት ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል፤ ሆኖም በደንብ ከበሰለ ይበላል፣ ጥሬውን ከሆነ ግን ሆድ ያውካል። የሰይጣን ቦሌት የሚባለው ሩብሮቦሌተስ ሳታናስ ደግሞ የሚለወጠው ቀስ ብሎ፣ ያውም ፈዘዝ ወዳለ ሰማያዊ ነው። ክፉኛ የሚያስታውከው ግን እሱ ነው። ሰማያዊው በደመቀ ቁጥር መርዙም ይብሳል ብሎ የሚለካ ሰው ሁለቱን ገልብጦ ይይዛቸዋል። መራራው ቦሌት፣ ታይሎፒለስ ፌሌየስ፣ ጭራሽ ሰማያዊ አይሆንም፤ መርዝ ባይባልም አንዱ ብቻውን ድስቱን በሙሉ ያመርረዋል።

ሳታናስን በሌሎች ምልክቶቹ ፈልጉት፦ ኖራማ አፈር፣ እስከ 30 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ነጣ ያለ ቆብ፣ ቀይ ቀዳዳዎች፣ ያበጠና ቀይ መረብ የለበሰ እግር፣ ሲያረጅም የበሰበሰ ሥጋ ሽታ።

የቀለም ለውጡ ዋጋ የሚኖረው በትክክል ሲታይ ነው። ትኩስ እንጉዳይ ውሰዱ፤ የደረቀና ያረጀ ደካማ ምላሽ ይሰጣል። መጀመሪያ ቀዳዳዎቹን በአውራ ጣት ጫን አድርጉ። ከዚያ ከቆቡ አናት እስከ እግሩ ጫፍ ለሁለት ሰንጥቁትና መነሻ ቀለሙን፣ ከ5 ሰከንድ፣ ከ1 ደቂቃና ከ10 ደቂቃ በኋላ ያለውን ጻፉ። የት እንደጀመረም ይጻፍ፤ ከቀዳዳዎቹ በላይ ብቻ ነው ወይስ እስከ እግሩ ወርዷል? ቆቡ በጥቁር ግራጫ ቅርፊት የተሸፈነው ስትሮቢሎማይሲስ ሲቆረጥ መጀመሪያ ይቀላል፣ ቆይቶም ይጠቁራል። ቶሎ የጣለው ሰው ያየው ግማሹን ብቻ ነው።

«ብር ማንኪያ ወይም ነጭ ሽንኩርት ካጠቆረ መርዝ ነው።» ሐሰት ነው።

«ቀንድ አውጣ የበላውን ሰውም ይበላዋል።» የቀንድ አውጣ ሆድ የሰው ሆድ አይደለም።

«ቦሌት ቢያሳምም እንጂ አይገድልም።» እ.ኤ.አ. በ1994 በሰሜን አሜሪካ ሩብሮቦሌተስ ፑልኬሪመስ የተባለውን ቦሌት የበላ ሰው ሞቷል።

«ከአፈር በላይ ያለውን ቆርጦ መውሰድ ይበቃል።»

የሚያስቆጨው ይህ ነው፤ ብዙው ማስረጃ መሬት ውስጥ ይቀራል። ቢላዋውን ከሥር አስገብታችሁ እግሩን ሙሉውን አውጡት። የእግሩን መረብ አጉሊ መነጽር ይዛችሁ እዩት፦ ተወዳጁ ቦሌተስ ኤዱሊስ በፈዛዛ እግሩ ላይ ነጭ መረብ አለው፤ የመራራው ቦሌት መረብ ከእግሩ ይልቅ የጠቆረ ነው። በልጅነታቸው የሁለቱም ቀዳዳ ነጭ ስለሆነ የሚያሳስቱት ያኔ ነው፤ የመራራው ሲያድግ ሮዝ ይሆናል። ፎቶም ከላይ ብቻ አይነሳ፤ ቆብ ዝናብና ፀሐይ የሚቀያይሩት ክፍል ነው። ቀዳዳው፣ ሙሉው እግርና የተሰነጠቀው ሥጋ ይታዩ።

«የበቀለው በርች ከሚባለው ዛፍ ሥር ነውና የበርች ቦሌት ነው።» ቦሌት ከዛፍ ሥር ጋር ተቆራኝቶ የሚኖር ስለሆነ ዛፉ ጥሩ ፍንጭ ነው፤ ነገር ግን ሥር ከግንዱ ርቆ ይሄዳል። በዙሪያው ያሉትን ዛፎች በሙሉ መዝግቡ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ካልለየ የስፖሩን ቀለም እዩ፤ ስፖር ማለት እንጉዳዩ የሚራባበት ብናኝ ነው። ቆቡን ከእግሩ ለዩና ቀዳዳውን ወደ ታች አድርጋችሁ ግማሹ ነጭ ግማሹ ጥቁር በሆነ ወረቀት ላይ አስቀምጡት። ብርጭቆ ድፉበትና ሌሊቱን ይደር። ገና ያልጎለመሰ ቆብ ምንም ላያራግፍ ይችላል። ወይራማ ቡናማ ከሆነ ወደ ቦሌተስ፣ ሮዝማ ከሆነ ወደ መራራው፣ ጥቁር ቡናማ ከሆነ ወደ ስትሮቢሎማይሲስ ይመራል። ሲነኩት እንደ ጽሕፈት ቀለም ሰማያዊ የሚሆነው ጋይሮፖረስ ሳያኔሰንስ፣ የሚበላ ሆኖ ሳለ በሰማያዊነቱ ብቻ የሚጣለው፣ ወረቀቱ ላይ የሚተወው ፈዛዛ ቢጫ ብናኝ ነው።