ሲተንደ ማይ፦ የኖርዌይ ብሔራዊ በዓልና በአገሩ የሚኖር የውጭ ሰው

ሲተንደ ማይ የኖርዌይ የሕገ መንግሥት ቀንና ብሔራዊ በዓል ነው። ቃሉ በኖርዌይኛ «ሜይ 17» ማለት ሲሆን፣ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 9 ላይ ይውላል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትና ቀኖች በሙሉ የአውሮፓውያን ናቸው። በሀበሻው ዘንድ ብዙ ጊዜ «የነጻነት ቀን» ሲባል ይሰማል፤ ትክክል አይደለም። የሚከበረው በ1814 ኤይድስቮል ላይ የተፈረመው ሕገ መንግሥት ነው። ከስዊድን ጋር የነበረው ኅብረት የፈረሰው በ1905 ጁን 7 ነው፤ ከናዚ ጀርመን ነጻ የወጡት ደግሞ በ1945 ሜይ 8። በእነዚህ በሁለቱ ቀኖች ባንዲራ ይሰቀላል እንጂ ሥራ አይዘጋም።

ብሔራዊ በዓል ሲባል ታንክና የወታደር ሰልፍ የሚጠብቅ ሰው እዚህ አያገኘውም። ኦስሎ ላይ የንጉሡ ክብር ዘብ ቢወጣም ሙዚቃ ሊጫወት ነው። የሰልፉ ባለቤቶች የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው፤ የውጭ ሰውም ወደ በዓሉ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በልጁ ትምህርት ቤት በር ነው።

አመጣጡ

ኖርዌይ ለአራት መቶ ዓመት ገደማ ከዴንማርክ ጋር በአንድ ዘውድ ሥር ኖራለች። ዴንማርክ ከናፖሊዮን ጋር ወግና በመሸነፏ፣ በ1814 ጃንዋሪ 14 በኪል በተፈረመው ውል ኖርዌይን ለስዊድን አሳልፋ ሰጠች። በኖርዌይ የዴንማርክ ንጉሥ እንደራሴ የነበረው ልዑል ክርስቲያን ፍሬድሪክ ግን ውሉን አልቀበልም አለ። በየአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ሕዝቡ ተሰብስቦ መራጮችን መረጠ፤ መራጮቹ ደግሞ ተወካዮችን። ኤፕሪል 10 ቀን 112 ተወካዮች ከኦስሎ በስተ ሰሜን በሚገኘው የኤይድስቮል መኖሪያ ቤት ተሰበሰቡ፤ ባለሥልጣናት፣ ነጋዴዎች፣ የጦር ሰዎችና ገበሬዎች ነበሩ። ከሰሜናዊው የአገሪቱ ክፍል የመጣ አልነበረም፤ መንገዱ ሩቅ ስለሆነ ተወካዮቻቸው ሊደርሱ አልቻሉም። ሕገ መንግሥቱ በአምስት ሳምንት ውስጥ ተጽፎ አለቀ። ሜይ 17 ተፈረመ፤ በዚያው ቀን ክርስቲያን ፍሬድሪክ ንጉሥ ሆኖ ተመረጠ።

ንግሥናው ዓመት አልሞላም። በበጋው ስዊድን ወጋችው፤ ኦገስት 14 ሞስ ላይ በተደረገው ስምምነት ዙፋኑን ሊለቅ ተስማማ፤ ኖቬምበር 4 ኖርዌይ ከስዊድን ጋር በአንድ ንጉሥ ሥር ተጣመረች። ሕገ መንግሥቱ ግን ተሻሽሎ ተረፈ። በዓሉ የቆመው በዚህ በተረፈው ነገር ላይ ነው።

የስዊድንና የኖርዌይ ንጉሥ ካርል ዮሃን በዓሉን እንደ ተቃውሞ ስለቆጠረው በ1828 እንዳይከበር ከለከለ። በቀጣዩ ዓመት ሜይ 17 ቀን «ኮንስቲቱሽኔን» የተባለች የእንፋሎት መርከብ የዛሬዋ ኦስሎ ወደሆነችው ክርስቲያንያ ወደብ ስትገባ ሕዝቡ በደስታ ተቀበላት። ማታ በትልቁ የገበያ አደባባይ የተሰበሰበውን ሰው ፈረሰኛ ጦር በታተነው። ይህ «የአደባባዩ ጦርነት» እየተባለ ይጠራል። በቦታው ከነበሩት አንዱ ወጣቱ ባለቅኔ ሄንሪክ ቬርገላንድ ነበር፤ በ1833 በበዓሉ ቀን ለሕዝብ ንግግር በማድረግም ስሙ ከበዓሉ ጋር ተሳሰረ። የዛሬው የኦስሎ ሰልፍ የሚያልፍበት ዋና ጎዳና ግን የተሰየመው በዓሉን በከለከለው ንጉሥ ስም ነው፤ ካርል ዮሃን ጎዳና ይባላል። ኖርዌያውያን ስለዚህ ሲነገራቸው ፈገግ ይላሉ እንጂ ስሙን ለመቀየር አልደከሙም።

የውጭ ሰው ይህን ሕገ መንግሥት ሲያወድስ አንድ ነገር ማወቅ አለበት። የ1814ቱ ሰነድ በሁለተኛው አንቀጹ አይሁድ ወደ አገሪቱ እንዳይገቡ ይከለክል ነበር። ቬርገላንድ አንቀጹ እንዲሰረዝ እስከ ዕለተ ሞቱ ተሟግቶ ሳያይ ሞተ፤ በ1851 ተሰረዘ። ዛሬም በየዓመቱ በበዓሉ ቀን የኦስሎ አይሁድ ማኅበረሰብ በመቃብሩ ላይ የአበባ ጉንጉን ያኖራል።

ብሔራዊ መዝሙሩ ለመጀመሪያ ጊዜ በአደባባይ የተዘመረው በ1864 የሕገ መንግሥቱ ሃምሳኛ ዓመት በኤይድስቮል ሲከበር ነው፤ ግጥሙ የቢዮርንስቲየርነ ቢዮርንሶን፣ ዜማው የሪካርድ ኑርድሮክ። በሕዝብ አፍ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ፓርላማው በይፋ ያጸደቀው በ2019 ነው። ስምንት አንጓ ቢኖረውም የሚዘመሩት አንደኛው፣ ሰባተኛውና ስምንተኛው ናቸው። ሲዘመር መቆም፣ ወንድ ከሆኑ ኮፍያ ማውለቅ።

ከ1905 እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በዓሉ እየደመቀ ሄደ፤ በወረራው ዘመን ማክበር ተከለከለ። በ1947 የወጣው ሕግ ሜይ 1ን እና ሜይ 17ን ደመወዝ የሚከፈልባቸው የዕረፍት ቀኖች አደረጋቸው። በዚያ ቀን ተረኛ የሆነ ሠራተኛ ተጨማሪ ክፍያ ይገባዋል፤ መጠኑን ውሉ ላይ ይመልከት፤ በእንክብካቤ ቤትና በጽዳት የሚሠሩ ብዙ ሀበሾች ሳይጠይቁ ያልፋሉ።

የልጆች ሰልፍ

በኖርዌይኛ ባርነቶግ ይባላል። ክርስቲያንያ ላይ በ1870 ቢዮርንሶን እና የትምህርት ቤት ኃላፊው ፔተር ክቫም 1,200 ያህል ወንዶች ልጆችን ባንዲራ አስይዘው አሰለፉ። ሴቶች ልጆች የተጨመሩት በ1889 ነው። ከዚያ ቀደም በሌላ ቦታ ተደርጓል የሚሉ አሉ፤ ምናልባትም እውነት ሊሆን ይችላል፤ ባህል ሆኖ የቀረው ግን የዋና ከተማው ነው። ከ1906 ጀምሮ ንጉሣውያን ቤተሰቦች በቤተ መንግሥቱ ሰገነት ቆመው ለልጆቹ እጃቸውን ያውለበልባሉ።

የዕለቱ አካሄድ ከከተማ ከተማ ቢለያይም መልኩ አንድ ነው። ጠዋት በ2 ሰዓት ባንዲራ ይሰቀላል፤ የጦርነት ሰለባዎች መታሰቢያ ላይ አበባ ይቀመጣል። ከዚያ የልጆች ሰልፍ፣ ብዙ ቦታ ከረፋዱ 4 ሰዓት። በየመሐሉ ኮርፕስ የሚባለው የትምህርት ቤት የነሐስ ሙዚቃ ቡድን ይገባል። ከሰዓት በኋላ የጎልማሶች ሰልፍና፣ ሩስ የሚባሉት የሁለተኛ ደረጃ ተመራቂዎች በቀይ ወይም በሰማያዊ ሱሪ ይወጣሉ። ሩሶች የራሳቸውን ፎቶና ቀልድ ያተሙበት ካርድ ይይዛሉ፤ ትንንሽ ልጆች እየሮጡ «ካርድ አለህ?» ብለው ይሰበስባሉ። ባንዲራው ከምሽቱ 3 ሰዓት ሳያልፍ ይወርዳል፤ መሬት መንካት የለበትም። ለልጁ የተገዛው የወረቀት ባንዲራ ሲቀደድም መንገድ ላይ አይጣልም።

አዲስ ወላጅ የሚስተው የመጀመሪያው ነገር ሰዓቱ ነው። ማስታወቂያው ላይ የተጻፈው ሰዓት ሰልፉ የሚነሣበት ሲሆን፣ ልጆቹ ከዚያ በፊት ትምህርት ቤቱ በቀጠረው ቦታ መድረስ አለባቸው። የከተማ መሐል መንገዶች ስለሚዘጉ ትራምና አውቶቡስ አቅጣጫ ይቀይራል። በትልልቅ ከተሞች ወላጅ ከልጁ ጎን አይሄድም፤ መንገድ ዳር ቆሞ ያያል፤ መጨረሻ ላይ በተነገረው ቦታ ይረከባል። ስለዚህ የወላጅ ስልክ ቁጥር በልጁ የእጅ አምባር ወይም ከኮቱ ውስጥ ይጻፋል፤ ውሃና ትንሽ ምግብ በኪስ ይያዛል። ለአምስት ዓመት ልጅ ረጅም የእንጨት ዘንግ ያለው ባንዲራ አይገዛም፤ የኋላውን ልጅ ዓይን ይወጋል።

ሰላምታው «ግራቱሌረር ሜ ዳገን» ነው፤ «እንኳን ለቀኑ አደረሰህ» እንደማለት። ለማንም፣ ለማያውቁት ጎረቤትም፣ ለአውቶቡስ ሾፌርም ይባላል። በዓመቱ ውስጥ ኖርዌያዊ ቀድሞ ሰላም የሚልበት ቀን ቢኖር ይሄ ነው።

የውጭ ዜጎች ጉዳይ

በ1983 ብዙ የስደተኛ ልጆች ይማሩበት የነበረው የኦስሎው ሳጌነ ትምህርት ቤት በቦምብ ቢዛትበትም ልጆቹ ተሰልፈዋል። በ1999 ፓኪስታን ተወልዳ ያደገችው ሩቢና ራና የኦስሎ የበዓል ኮሚቴ መሪ ሆና ሰልፉን መራች፤ ከውጭ የመጣ ሰው ቦታውን ሲይዝ የመጀመሪያዋ ስትሆን ዛቻም ደርሶባታል። ዛሬ ኦስሎ ላይ የሰልፉን ፊት የሚያይ ሰው ይህ ነገር እንግዳ እንደነበር ለማመን ይቸገራል።

የሌላ አገር ባንዲራ መያዝ ይፈቀዳል ወይ የሚለው ግን በኦስሎም በሌሎች ከተሞችም ደጋግሞ አከራክሯል። የሰሜኑ ነባር ሕዝብ የሳሚ ባንዲራ ተቀባይነት አለው። ሌላውን በተመለከተ የየከተማው ኮሚቴ ይወስናል፤ አንዱ ይፈቅዳል፣ ሌላው «ዛሬ የኖርዌይ ብቻ» ይላል። የእኛ ማኅበራት ልምድ ኖርዌይ በቀኝ እጅ፣ ሌላው ካለ ትንሹን በግራ የሚል ነው። የትኛው የአገራችን ባንዲራ የሚለው የራሳችን ጭቅጭቅ ወደ ልጆች ሰልፍ ባይገባ ይመረጣል።

ልብስ

ቡናድ የየአካባቢው የክብር ልብስ ነው፤ ከሱፍ የሚሠራ፣ በጥልፍና በብር ጌጥ የተዋበ፤ ዋጋው በአሥር ሺዎች ክሮነር ይቆጠራል። እንቅስቃሴውን በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያስነሣችው ደራሲዋ ሁልዳ ጋርቦርግ ነች፤ ስለዚህ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ሁሉም ጥንታዊ አይደለም፤ ከድሮ ልብስ ቅሪት ተነሥቶ በአዲስ መልክ የተቀናበረም አለ። ሰው የሚለብሰው የእናቱን፣ የአባቱን ወይም ያደገበትን አካባቢ ነው። የውጭ ሰው ይልበስ ወይ? የሚከለክል ሕግ የለም፤ የሚኖርበትን አካባቢ ቢለብስ አብዛኛው ሰው ደስ ይለዋል፤ ፊቱን የሚያጠቁር አዛውንትም አይጠፋም። ደንቡ ጥብቅ ነው፦ የፀሐይ መነጽር፣ ዘመናዊ ቦርሳ፣ የወርቅ ጌጥ አይሄድም። ሊለብስ ያሰበ ሰው በፌብሩዋሪ ይሞክረው፤ «ቁም ሳጥን ውስጥ ጠበበ» የሚለው የየዓመቱ ቀልድ ነው፤ ኤፕሪል ላይ ልብስ ሰፊዎች ወረፋ አይሰጡም።

ሀበሻ ቀሚስ በሰልፉ ቦታ አለው፤ ጸድቶ ከተለበሰ የክብር ልብስ ነው። ችግሩ ብርዱ ነው። ቀኑ 8 ዲግሪ ሊሆን ይችላል፤ ሰሜን ላይ በረዶም ይጥላል። ከሥር ስስ የሱፍ ሙሉ ውስጥ ልብስ ይለበሳል፤ ቀሚሱ ጭቃ እንዳይጠርግ ከቁርጭምጭሚት ከፍ ይደረጋል። ስሎይፈ የሚባለው ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ሪባን በግራ ደረት ይሰካል፤ ነጠላ ላይ ከተሰካ ጨርቁን ይጎትተዋል፣ ይቀደዋልም፤ ቀሚሱ ላይ ይሰካ፤ ነጠላው በሌላ ትከሻ ይጣል።

የወላጆች ኮሚቴና የትምህርት ቤቱ ግቢ

ከሰልፍ በኋላ ሁሉም ወደ ትምህርት ቤቱ ይመለሳል። ግቢው ውስጥ ሙዚቃ፣ የጆንያ ሩጫ፣ ድንች በማንኪያ ይዞ መሮጥ፣ የቆርቆሮ ጣሳ በኳስ መምታት፣ ሎተሪና ኪዮስክ ይኖራል። ይህን የሚያዘጋጁት ወላጆች ናቸው፤ በብዙ ትምህርት ቤት የአንድ የተወሰነ ክፍል ወላጆች ተራ ይደርሳቸዋል። ዱግናድ ይባላል፤ ያለ ክፍያ የሚሠራ የጋራ ሥራ፤ ደቦ የሚለውን ለሚያውቅ ማስረዳት አያሻም። ደብዳቤው ሲደርስ ኖርዌይኛው ከበደኝ ብሎ ዝም ማለት ትልቁ ስሕተት ነው። ቋንቋ የማይጠይቅ ሥራ ሞልቷል፦ ቡና ማፍላት፣ ጠረጴዛ መደርደር፣ ቋሊማ ማሞቅ።

ቋሊማው ፖልሰ ይባላል፤ በዳቦ ወይም ሎምፐ በሚባል የድንች ቂጣ ተጠቅልሎ ይበላል። አይቀቀልም። ውሃው ከፈላ በኋላ ከእሳት ይወርዳል፤ ቋሊማው ገብቶ ክዳኑ ይደፋል፤ 10 ደቂቃ ይቆያል። እየፈላ ከቀጠለ ቆዳው ይፈነዳል፣ ጨውና ጣዕሙ ውሃ ውስጥ ይቀራል። አብዛኛው የአሳማ ሥጋ ስላለበት፣ ለሀበሻም ለሙስሊምም የሚሆን የዶሮ፣ የበሬ ወይም ሐላል ለብቻ ድስት፣ ለብቻ መቆንጠጫ ይመደብለት። ይህን ኮሚቴው ላይ የሚያነሣ ሰው ከሌለ ይረሳል። እንጆሪ ኬክ ላይ ያለው ቀይ ጄሊም ብዙ ጊዜ ከአሳማ የሚወጣ ጄላቲን አለበት።

ጾም የሚያሳስበው ኦርቶዶክስ ግን ይረጋጋ፤ ግንቦት 9 በዚህ ዘመን ምንጊዜም ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው በዓለ ሃምሳ ውስጥ ስለሚወድቅ፣ ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢሆንም ጾም የለም። የጠዋቱ የጎረቤት ቁርስ፣ ማለትም እንቁላል ፍርፍር፣ የተጨሰ ሳልመን፣ ትኩስ ዳቦ፣ ሁሉም ይበላል። እያንዳንዱ የሚያመጣው ይነገረዋል፤ የተባለውን ማምጣት እንጂ በላዩ ዶሮ ወጥ መጨመር ግዴታ አይደለም፤ ቢመጣ ግን ተርፎ አያውቅም። አይስክሬም ለልጆች በዚያ ቀን ያለ ገደብ ነው። ሱቅና የመጠጥ መሸጫ ስለሚዘጋ ግዢ ከዋዜማው በፊት ይጠናቀቃል።

የበዓሉ ኬክ ክራንሰካከ ነው፤ እየጠበቡ የሚሄዱ 18 ቀለበቶች የተደራረቡበት የለውዝ ማማ። ለውዝ ስንል ኦቾሎኒ አይደለም፤ አልሞንድ ነው። ግማሽ ኪሎ የተፈጨ አልሞንድ፣ ግማሽ ኪሎ የዱቄት ስኳር፣ ከ3 እስከ 4 የእንቁላል ነጭ። ነጩ በአንዴ አይደፋም፤ ሊጡ ከቀጠነ ቀለበቶቹ በምድጃው ውስጥ ተዘርግተው ይጣበቃሉ። ሊጡ ሌሊቱን ፍሪጅ ያድራል፤ የጣት ውፍረት ሆኖ ይድቦለቦላል፤ በተቀባና ሰሞሊና በተነሰነሰበት ቅርጽ ውስጥ ገብቶ በ200 ዲግሪ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ይጋገራል። በደንብ ሳይቀዘቅዝ ከቅርጹ ከወጣ ይሰበራል። ከደረቀ ከአንድ ቁራሽ ዳቦ ጋር በተከደነ ዕቃ ማሳደር ያለሰልሰዋል። ሲበላ ከላይ አይጀመርም፤ ማማው ተነሥቶ ከሥር ያለው ቀለበት ይወሰዳል፤ ጫፉ ላይ ያሉት ትንንሽ ባንዲራዎች እስከ መጨረሻ ይቆማሉ።

ከኖርዌይ ውጭ የኖርዌይ ተወላጆች ባሉበት ሁሉ ይከበራል፤ በኒውዮርክ ብሩክሊን፣ በለንደን፣ ከሁሉም ደግሞ በሲያትል ባላርድ ሰፈር፣ በውጭ አገር ከሚደረጉት ትልልቅ ሰልፎች አንዱ በሚካሄድበት። በየወደቡ ያሉት የኖርዌይ መርከበኞች ቤተ ክርስቲያኖችም በራቸውን ይከፍታሉ።

ማታ ግቢው ሲጸዳ ተራው የነበረው ኮሚቴ አንድ ማኅደር ለቀጣዩ ክፍል ወላጆች ያስረክባል፦ ስንት ቋሊማ ተገዛ፣ ስንት ተረፈ፣ ቡናው በስንት ሰዓት አለቀ፣ የማን ጋዝ ምድጃ ተውሶ እንደመጣ። ሐላሉ ድስት ስንት ሰው እንዳበላም እዚያው ላይ ይጻፍ።