የጦርነት ፊልም፣ ፖለቲካውና የሲኒማ ቤቱ ወረፋ

በዲሴምበር 1930 በርሊን ውስጥ አንድ ሲኒማ ቤት ታወከ። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፊልሙ አሜሪካ ውስጥ የተሠራው «ኦል ኳየት ኦን ዘ ዌስተርን ፍሮንት» ነበር። አንድ ጀርመናዊ ወጣት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ያየውን መከራ ይተርካል። በሂትለር ፓርቲ የፕሮፓጋንዳ መሪ በጎብልስ የሚመሩ ናዚዎች ትኬት ቆርጠው እንደማንኛውም ሰው ገቡ። ከዚያ መጥፎ ሽታ የሚረጭ ነገር ወረወሩ፣ ነጭ አይጦችም ለቀቁ። ትርኢቱ ተቋረጠ። ቀናት ሳይቆዩ ፊልሙ የጀርመንን ስም ያጎድፋል ተብሎ ታገደ።

ፖለቲካ ያዘለ የጦርነት ፊልም ስለ ውጊያ ብቻ አያወራም። ጦርነቱ ተገቢ ነበር ወይ? ማን ዋሸ? ዋጋውን ማን ከፈለ? እነዚህ ጥያቄዎች አሉበት። አንዳንዴ ፊልሙ ራሱ ያነሳቸዋል። አንዳንዴ ደግሞ ተመልካቹ ከቤቱ ይዟቸው ይመጣል።

የተመልካቹ ስሜት መጀመሪያ የሚለካው በቦክስ ኦፊስ፣ ማለትም በትኬት ሽያጭ ነው። በተለይ የመጀመሪያው ቅዳሜና እሁድ በጉጉት ይጠበቃል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ሲኒማስኮር የሚባል ድርጅት አለ። ፊልሙ በወጣበት ምሽት ተመልካቾችን ይጠይቅና እንደ ተማሪ ውጤት ከኤ እስከ ኤፍ ያወጣል። ሽያጩ ስንት ብር እንደገባ ይናገራል። የገባው ሰው ምን አይቶ እንደወጣ ግን አይነግረንም። እኔ ይህን ጉዳይ ስከታተል ሁልጊዜ የሚገርመኝ ይሄ ነው።

የኢራቅ ጦርነትን እንይ። በ2007 ሆሊውድ ጦርነቱን የሚተቹ ፊልሞች በተከታታይ አወጣ። «ላየንስ ፎር ላምብስ» ቶም ክሩዝን፣ ሜሪል ስትሪፕንና ሮበርት ሬድፎርድን ይዞ አሜሪካ ውስጥ ያስገባው 15 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። «ኢን ዘ ቫሊ ኦቭ ኢላ» ቶሚ ሊ ጆንስን ለኦስካር አሳጨው፤ ገቢው ግን እዚያው አገር 7 ሚሊዮን እንኳ አልሞላም። «ሪዳክትድ» በቬኒስ ፌስቲቫል ለዳይሬክተሩ ሽልማት አስገኘለት። አሜሪካ ውስጥ የሸጠው ከ70 ሺህ ዶላር በታች ነው። ሚሊዮን አላልኩም፣ ሺህ ነው።

ያኔ ብዙ የተባለው ምክንያት «ሰው በየማታው በዜና የሚያየውን ጦርነት ከፍሎ ማየት አይፈልግም» የሚል ነበር። ግማሽ እውነት አለው። ቤተሰቡ ግንባር ላይ ያለ ሰው በዕረፍት ቀኑ ያንኑ ስጋት ፍለጋ ሲኒማ አይሄድም። ግን ሙሉ መልስ አይሆንም። በ1968 ታዋቂው አሜሪካዊ ተዋናይ ጆን ዌይን የቬትናምን ጦርነት የሚደግፍ «ዘ ግሪን ቤሬትስ» የሚባል ፊልም አወጣ። ጦርነቱ በጣም በተፋፋመበት ዓመት ማለት ነው። ሐያሲያን አብጠለጠሉት፣ ተመልካቹ ግን ጎረፈ። «ፖለቲካ ስለሰለቸው ነው» የሚለውም አያስኬድም። በ2004 የቡሽን መንግሥትና የኢራቁን ወረራ ፊት ለፊት የሚተቸው የማይክል ሙር ዘጋቢ ፊልም «ፋረንሃይት 9/11» አሜሪካ ውስጥ ብቻ 119 ሚሊዮን ዶላር አስገብቷል። ለዘጋቢ ፊልም ይሄ ጉድ የሚያሰኝ ነው። ዓመቱ የምርጫ ዓመት ነበር። የመጣው ሰው የሚያየውን አውቆ፣ ቁጣውን ይዞ ነው የመጣው።

እንግዲህ በ2007 ምን ጎደለ? በእኔ እምነት ተመልካቹ ፊልሞቹ ውስጥ ልቡን የሚሰጠው ሰው አጣ። ብዙዎቹ ፊልሞች ወታደሩን ለክርክራቸው ማስረጃ አደረጉት። ሰው ደግሞ ስብከት ሲሸተው ኪሱን አይፈታም።

ከዚያ የአንድ አሜሪካዊ አልሞ ተኳሽ ወታደርን ታሪክ የሚያሳየው «አሜሪካን ስናይፐር» መጣ። በጃንዋሪ 2015 በመላው አሜሪካ ሲከፈት በሦስት ቀን 89 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ዛቀ። በመጨረሻም እዚያው አገር 350 ሚሊዮን፣ በዓለም ዙሪያ ወደ 547 ሚሊዮን ደረሰ። ሲኒማስኮር ኤ ፕላስ ሰጠው። ጦርነቱ ያው የኢራቅ ጦርነት ነው። ለአንዱ ተመልካች ይህ የጀግና ታሪክ ነው። ለሌላው አንድ ሰው ከጦር ሜዳ ወደ ቤቱ መመለስ ሲያቅተው የሚያሳይ ሐዘን ነው። ሌላው ደግሞ ኢራቃውያን እንደ ሰው አልታዩም ብሎ ተቆጣ። ዳይሬክተሩ ክሊንት ኢስትውድ ወረራውን የሚቃወም ሰው ነበር። ያን ሁሉ ገንዘብ የከፈሉት ሰዎች ሁሉም ያው አንድ ዓይነት ፊልም አይተዋል ለማለት ይከብደኛል።

ጊዜም የራሱ ሥራ አለው። ዳይሬክተሩ ኦሊቨር ስቶን ራሱ ቬትናም ተዋግቶ የተመለሰ ነው። ስለዚያው ጦርነት የሚያወራውን የ«ፕላቱን»ን ድርሰት ይዞ ለዓመታት ስቱዲዮዎችን ደጅ ጠንቷል። በ1986 መጨረሻ ፊልሙ በጥቂት ሲኒማ ቤቶች ተጀመረ። ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሄደ። የቀድሞ ወታደሮች እየመጡ አዩት፣ አልቅሰውም ወጡ። በ6 ሚሊዮን ዶላር የተሠራው ፊልም አሜሪካ ውስጥ 138 ሚሊዮን አስገባ። ያኔ ጦርነቱ ካበቃ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ሰዎቹ ለዘመናት ማንም ያልጠየቃቸውን ነገር መጋረጃው ላይ አገኙት። በዚህ ርዕስ ካነበብኩት ሁሉ ልቤን የሚነካው ይሄ ነው።

ጊዜው ላልደረሰ ፊልም አንዳንዴ በሩ ጭራሽ ይዘጋል። አልጄሪያ ከፈረንሳይ ነፃ ለመውጣት ያደረገችውን ትግል የሚያሳየው «ዘ ባትል ኦቭ አልጀርስ» በ1966 የቬኒስ ፌስቲቫልን ከፍተኛ ሽልማት፣ ወርቃማውን አንበሳ፣ ሲያሸንፍ የፈረንሳይ ልዑካን ተቃውመው ወጡ። ፈረንሳይ ውስጥም ለዓመታት አልታየም። በ2003 ግን ያንኑ ፊልም የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር (ፔንታጎን) ለሠራተኞቹ አሳይቶታል፣ ለኢራቅ ትምህርት ይሆናል ብሎ።

ከአሜሪካ ውጭ ደግሞ የአገር ፍቅር ፊልም ትልቅ ገበያ አለው። በ2006 ቱርክ ውስጥ «የተኩላዎች ሸለቆ፦ ኢራቅ» ከ4 ሚሊዮን በላይ ሰው አየው። መነሻው በ2003 የአሜሪካ ወታደሮች የቱርክ ወታደሮችን ይዘው ራሳቸው ላይ ከረጢት ያጠለቁበት እውነተኛ ክስተት ነው። በሕዝቡ ውስጥ የቀረ ውርደት ነበርና ፊልሙ ያንን በልብ ወለድ ተበቀለለት። ጀርመን ውስጥ ግን ጥላቻ ያነሳሳል ተብሎ ከባድ ክርክር አስነሳ። ህንድ ውስጥ በ2019 የወጣው «ኡሪ» ላይ መኮንኑ ወታደሮቹን «ሃው ኢዝ ዘ ጆሽ?» ይላቸዋል፤ ወኔው እንዴት ነው ማለቱ ነው። አባባሉ ከሲኒማ ቤት ወጥቶ ጠቅላይ ሚኒስትር ሞዲ አፍ ላይ ደረሰ፤ ያውም ምርጫ ጥቂት ወራት ሲቀሩት።

ቻይና ውስጥ የኮሪያን ጦርነት የሚያሳየው «የቻንግጂን ሐይቅ ውጊያ» በ2021 ወደ 900 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገብቷል። አንዳንድ ተመልካቾች ወታደሮቹ የቀመሱትን ለመቅመስ በረዶ የሆነ ድንች ይዘው ሲበሉ ታይተዋል። ያ ስሜት የውሸት ነው አልልም። ነገር ግን በዚያው ፊልም ሰበብ በወታደሮቹ ላይ የተሳለቀ አንድ ጋዜጠኛ 7 ወር ተፈርዶበታል። ያልወደደው ሰው ዝም በሚልበት አገር የትኬቱ ቁጥር ሙሉ ድምፅ አይደለም።

«ብላክ ሆክ ዳውን» አሜሪካ ውስጥ 108 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሸጧል። በ1993 ሞቃዲሾ ውስጥ የተካሄደውን ውጊያ ነው የሚያሳየው፤ የወጣውም ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት ብዙም ሳይርቅ ነው። አሜሪካዊው ተመልካች ለሞቱት ወታደሮች አዝኖ ወጣ። በ2002 መጀመሪያ የተሰረቀ ቅጂው ሞቃዲሾ ደረሰ። ውጊያው የተካሄደበት ከተማ ሰው ቪዲዮ ቤት ተጨናንቆ አየው። አሜሪካዊ በተመታ ቁጥር አዳራሹ በጭብጨባ ይናጥ ነበር። የእነሱ መግቢያ ክፍያ በየትኛውም የቦክስ ኦፊስ መዝገብ ላይ የለም።