«ዲብሪፊንግ» ምንድን ነው? ከከባድ አደጋ በኋላ ስለሚጠራው ስብሰባ

የእሳት አደጋ፣ የአምቡላንስ ወይም የፖሊስ ሠራተኞች ከከባድ አደጋ ሲመለሱ፣ በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን አንድ ስብሰባ ይጠራ ይሆናል። ቦታው ላይ የነበሩት ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፣ ያዩትን ያወራሉ፣ ከዚያ ወደ ፈረቃቸው ይመለሳሉ። ዲብሪፊንግ የሚባለው ይሄ ነው። በብዙ መሥሪያ ቤት ለሠራተኛው የአእምሮ ጤና ምን ተደረገ ሲባል መጀመሪያ የሚጠራው መልስ እሱ ነው። አንዳንዴ ብቸኛውም መልስ እሱ ነው፤ ጣጣው ያለው እዚህ ላይ ነው።

ዘዴውን በ1983 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጄፍሪ ሚቸል የሚባል አሜሪካዊ ነው። ሚቸል ራሱ በእሳት አደጋና በአምቡላንስ ሥራ ያለፈ ሰው ነው። ያኔ የነበረውን ልማድ ማንም የዘርፉ ሰው ያውቀዋል፦ ያየኸውን ሆድህ ውስጥ ዋጥ አድርገህ ቀጣዩ ጥሪ ላይ ትወጣለህ። ከዚያ አንጻር «ቁጭ በሉና እናውራ» ማለቱ በራሱ ትልቅ ነገር ነበር።

ስብሰባው አብዛኛውን ጊዜ አደጋው በደረሰ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ውስጥ ይደረጋል፤ ሰባት እርከኖችም አሉት። አንድ የአእምሮ ጤና ባለሙያና ከሥራው የመጡ የሠለጠኑ ባልደረቦች ይመሩታል። መጀመሪያ ደንቡ ይነገራል፦ እዚህ የተባለ እዚሁ ይቀራል፣ ማስታወሻ አይያዝም፣ መናገር ያልፈለገ አይገደድም። ቀጥሎ እያንዳንዱ ሥራው ምን እንደነበር ይናገራል። «መኪናውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ።» «እኔ ቃሬዛው ጋ ነበርኩ።» ከዚያ ያኔ ምን እንዳሰበ ይጠየቃል። ከዚያ ከባዱ ጥያቄ ይመጣል፦ ከሁሉም የባሰብህ የቱ ነው? ክፍሉ ጭጭ የሚለው እዚህ ጋ ነው። መልሱ ብዙ ጊዜ ስለ ደም አይደለም። አንዱ የሟቹ ስልክ ኪሱ ውስጥ ደጋግሞ ሲጠራ እንደነበር፣ ማንም ሊያነሳው እንዳልደፈረ ይናገር ይሆናል። ሌላው እሱም ሰምቶት እንደነበር ያኔ ያወጣዋል። ከዚህ በኋላ ስለ እንቅልፍ ማጣት፣ ስለ መደንበር፣ ቤት ገብቶ ያለምክንያት ስለ መቆጣት ይወራል። መሪው እነዚህ ከባድ ነገር ያየ ሰው ላይ የሚጠበቁ መሆናቸውን አስረድቶ ይዘጋል።

የሥራ ግምገማ ግን አይደለም። ማን ዘገየ፣ የትኛው ቱቦ አልሠራም የሚለው ሌላ ስብሰባ ነው። ሁለቱ ከተቀላቀሉ ሰው አፉን ይዘጋል፤ ደግሞም ልክ ነው።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ጥሩ ይመስላል። ታዲያ ይሠራል ወይ? በ1997 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ የብሪታንያ ጥናት፣ በእሳት ተቃጥለው ሆስፒታል ከገቡ ሰዎች ግማሽ ያህሉ ዲብሪፊንግ ተደረገላቸው፣ ሌሎቹ አልተደረገላቸውም። ከ13 ወራት በኋላ ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ የሚመጣው የጭንቀት ሕመም፣ ማለትም ፒቲኤስዲ፣ በተደረገላቸው ዘንድ 26 በመቶ፣ ባልተደረገላቸው ዘንድ 9 በመቶ ሆኖ ተገኘ። የሚቸል ወገኖች ይህን አይቀበሉም። ዘዴው የተሠራው አብረው ለሚሠሩ ቡድኖች እንጂ አልጋ ላይ ለተኛ አንድ ታካሚ አይደለም ይላሉ። በጥናቱ ዲብሪፊንግ የተደረገላቸው ሰዎች ቃጠሎም የባሰ ነበር። ክርክራቸው ውሃ ያነሳል። ቢሆንም ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ትልልቅ የጥናት ግምገማዎች አንድ ጊዜ ተቀምጦ ማውራት ፒቲኤስዲን እንደሚከላከል ማስረጃ አላገኙም። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ በዲብሪፊንግ ፈንታ ሥነ ልቦናዊ የመጀመሪያ ዕርዳታን መርጧል። የዚያ ፍሬ ነገሩ ማየት፣ ማዳመጥና ማገናኘት ነው፦ ሰውየው ምን እንደሚያስፈልገው አይቶ፣ ማውራት ከፈለገ ሰምቶ፣ ከሚረዳው ሰው ጋር ማገናኘት። ማንም ታሪኩን እንዲዘረዝር አይጠየቅም።

ማውራት እንዴት ሊጎዳ ይችላል? አንደኛ፣ ሰውነቱ ገና ያልተረጋጋን ሰው ዝርዝሩን እንዲያወጣ መጎትጎት ትዝታውን ያባብስበታል ተብሎ ይታሰባል። ሁለተኛ፣ መኪና ሲያቆም የነበረው ሾፌር፣ ውስጥ የገቡት ባልደረቦቹ ያዩትን ሁሉ ከስብሰባው ሰምቶ ይወጣል፤ ያላየው ነገርም ሕልሙ ውስጥ ይገባል። ደግሞ አብዛኛው ሰው በሳምንታት ውስጥ በራሱ ጊዜ ይረጋጋል። የአንዳንዱ መንገድ ዝምታ ነው፣ የአንዳንዱ ሩጫ፣ የሌላው ከአንድ የቅርብ ጓደኛ ጋር ማውራት።

እንደኔ ስብሰባው ይቅር የሚያሰኝ ነገር የለም። ቡድኑ ተሰባስቦ «አንተም እንደዚያ ተሰማህ?» መባባሉ ዋጋ አለው። የማይሆነው እንደ ክትባት መቁጠሩ ነው። ሰኞ ስብሰባ ተደረገ፣ ቅጹ ላይ ምልክት ተደረገ፣ በቃ ተዘጋ። አለቃው ግዴታውን ተወጣ፣ ሠራተኛው ደግሞ በስድስተኛው ሳምንት እንቅልፍ ሲያጣ «ተደርጎልኝ የለም እንዴ፣ እኔ ነኝ ማለት ነው ደካማው» ይላል።

በነገራችን ላይ ክቡ ውስጥ ሁሌም የሚረሳ አንድ ሰው አለ፦ የአደጋ ጥሪውን ስልክ የተቀበለው ሠራተኛ። ቦታው አልደረሰም ተብሎ ይታለፋል። እሱ ግን የደወለችውን እናት ጩኸት ሰምቷል፣ ከዚያ መስመሩ ተቋርጦበታል፣ ወዲያው ሌላ ጥሪ አንስቷል። መጨረሻው ምን እንደሆነ እንኳ የሚነግረው የለም።

ከስብሰባው ይልቅ ክትትሉ ይበልጣል። የብሪታንያ ባሕር ኃይል ኮማንዶዎች ያስጀመሩት ትሪም የተባለው አሠራር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የሠለጠነ ባልደረባ ከአደጋው ሦስት ቀን ገደማ በኋላ ሰውየውን ያነጋግረዋል፣ ከአንድ ወር በኋላ ደግሞ ተመልሶ ያነጋግረዋል። አንድ ወር ዝም ብሎ የተመረጠ ቁጥር አይደለም። በአሜሪካው የሥነ አእምሮ መመዘኛ መሠረት ምልክቶቹ ከወር በላይ ካልቆዩ ፒቲኤስዲ አይባልም። ከወር በኋላም ቅዠቱ፣ ቦታውን መሸሹ፣ በትንሽ ድምፅ መደንበሩ ከቀጠለ ጉዳዩ የባልደረባ ሳይሆን የባለሙያ ነው። በጥናት የተረጋገጡ ሕክምናዎችም አሉ፤ በአሰቃቂ ትዝታ ላይ የሚያተኩረው የንግግር ሕክምና አንዱ ነው። ስለዚህ አለቃ ከሆንክ፣ ስብሰባውን ስትጠራ የወሩንም ቀጠሮ አብረህ ያዝ፤ ስልኩን የተቀበለውንም ስም ዝርዝሩ ውስጥ አስገባ።