«ገዳዩን እንዳትነግረኝ!»፦ ስለ አንድ የእንግሊዝ ድራማ ስሰማቸው የሰለቹኝ ስህተቶች

እንጀራዬ ኤዲቲንግ ነው። ስለዚህ «እስቲ ጥሩ ተከታታይ ድራማ ጠቁመን» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። መልሴ ሁሌም አንድ ነው፦ ኤጅ ኦፍ ዳርክነስ። በእኛ «የጨለማ አፋፍ» እንበለው። በፈረንጆቹ 1985 ኖቬምበርና ዲሴምበር በቢቢሲ 2 የታየ፣ ስድስት ክፍል ብቻ ያለው ድራማ ነው። የጻፈው ትሮይ ኬኔዲ ማርቲን፣ ያዘጋጀው ማርቲን ካምቤል ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሮናልድ ክሬቨን የዮርክሸር ፖሊስ ነው። አንድ ዝናባማ ማታ ልጁ ኤማ ደጃፋቸው ላይ ዓይኑ እያየ በጥይት ትገደላለች። ሰው ሁሉ «የተፈለገው አባትየው ነው» ይላል። እሱ ግን ዕቃዋን ሲበረብር የጨረር መለኪያና ሽጉጥ ያገኛል። ከዚያ ኖርዝሙር ወደሚባል የኑክሌር ዝቃጭ ማከማቻ የሚወስድ ክር መምዘዝ ይጀምራል።

ይኸው አርባ ዓመት አለፈው፤ ዛሬም ሰው ያየዋል። ሰው ስለ እሱ የሚሳሳተውም ያው የድሮውን ነው።

«የ2010ሩን ፊልም አይቻለሁ፤ ያው ነው።» ያው አይደለም። አዎ፣ ዳይሬክተሩ ራሱ ካምቤል ነው። ነገር ግን ታሪኩ ወደ ቦስተን ተወስዷል፣ ክሬቨን ሜል ጊብሰን ሆኗል፣ አምስት ሰዓት ያለፈው ነገር ደግሞ ሁለት ሰዓት በማይሞላ ፊልም ውስጥ ተጠቅጥቋል። እንደ እኔ ከሆነ ዝለሉት።

«ሙዚቃው የኤሪክ ክላፕተን ነው።» የጊታሪስቱ የክላፕተንና የሙዚቃ አቀናባሪው የማይክል ኬመን የጋራ ሥራ ነው።

«መጨረሻ ላይ ክሬቨን ዛፍ ይሆናል።» ጸሐፊው እንዲያ አስቦ ነበር። ዋናው ተዋናይ ቦብ ፔክና ዳይሬክተሩ እምቢ ስላሉ ቀረ። በነገራችን ላይ ቦብ ፔክን ታውቁታላችሁ። ጁራሲክ ፓርክ ላይ ያ ባርኔጣ ያደረገው አዳኝ እሱ ነው።

«ቢቢሲ የመንግሥት ነው፤ መንግሥት ራሱን እንዴት ያጋልጣል?» ይሄኛው የኛ ሰው ጥያቄ ነው። ከየት እንደመጣም ይገባኛል። ቢቢሲን በዋናነት የሚያኖረው ቴሌቪዥን የሚያይ ቤተሰብ በየዓመቱ የሚከፍለው ክፍያ ነው። ሚኒስትር ጠርቶ «ይህን አሳዩ» አይለውም። ጫና አይደርስበትም ማለት ግን አይደለም። በዚያው በ1985 የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ስለተቃወሙ ብቻ ኦገስት ላይ ሊታይ የነበረ ስለ ሰሜን አየርላንድ የተሠራ ዘጋቢ ፊልም ከፕሮግራም ወጣ፤ ጋዜጠኞቹ ሥራ አቆሙ። በዚያው ወር የስለላ ድርጅቱ ኤም አይ 5 የቢቢሲ ሠራተኞችን በድብቅ ያጣራ እንደነበር ጋዜጣ አወጣው። የተጠረጠረ ሰው ፋይል ላይ የገና ዛፍ የሚመስል ምልክት ይመታበት ነበር። የጨለማ አፋፍ ከሦስት ወር በኋላ የወጣው ከዚህ ቤት ነው።

«የኑክሌሩ ነገር ቅዠት ነው።» አንድ ወዳጄ ጄድበርግ የሚባለው የሲአይኤ ሰው ስኮትላንድ ጉባኤ ላይ ቆሞ ሁለት የፕሉቶኒየም ቁራጭ ሲያቀራርብ አይቶ «ይሄ ካርቱን ነው» ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ስለ ሉዊስ ስሎቲን ነገርኩት። ሜይ 21 ቀን 1946፣ ሎስ አላሞስ፣ የአሜሪካ የአቶም ቦምብ ቤተ ሙከራ። ሳይንቲስቱ ፕሉቶኒየሙ ላይ የሚደፋውን ክዳን በካቻቢቴ ጫፍ ደግፎ ይዟል። ካቻቢቴው አዳለጠው፤ ክዳኑ ተደፋ። ሰማያዊ ብርሃን ብልጭ አለ። በእጁ ክዳኑን አንስቶ ጣለው፤ በጨረሩ ምክንያት በዘጠነኛው ቀን ሞተ። ወዳጄ ከዚያ በኋላ ካርቱን የሚለውን ቃል አላነሳም። የድራማው የመጨረሻ ክፍል በታየ አምስት ወር ሳይሞላ ደግሞ ቼርኖቤል ፈነዳ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ።

«ገዳዩን እንዳትነግረኝ! ካወቅሁት ምኑን አየዋለሁ?»

ባለፈው ቤቴ ቡና ተፈልቶ፣ አቦሉ ወርዶ ቶናው ሳይደርስ ስለዚህ ድራማ ማውራት ጀመርኩ። አንዱ ጆሮውን በሁለት እጁ ደፈነ። ትልቅ ሰው! የሁለት ልጆች አባት!

ገዳዩ ማክሩን ይባላል። ይኸው ነገርኳችሁ። ክሬቨን ሰሜን አየርላንድ ሲሠራ የሚያውቀው ሰው ነው። ድራማው ራሱ ይህን አይደብቅም። ማክሩን ገና ታሪኩ መሃል ላይ ክሬቨን ቤት ይገባል፤ ማን እንደላከው ሊናገር ሲል የፖሊስ አልሞ ተኳሽ ይጥለዋል። ምስጢሩ ድራማውን የሚሸከም ቢሆን ኖሮ እዚያው ባለቀለት ነበር። አላለቀለትም።

የመጀመሪያውን ክፍል ርዕስ ተመልከቱ። ወደ አማርኛ ሲመለስ «የሐዘን ፈቃድ» ነው። አዎ፣ ያው ቤተሰብ ሲሞት ከመሥሪያ ቤት የምንጠይቀው ፈቃድ! ጸሐፊው ከበሩ ላይ ነግሮናል። አንድ አባት ለልቅሶ ፈቃድ ወጥቶ የሚያየውን ነው የምናየው።

አንዷን ትዕይንት ልንገራችሁ። ክሬቨን ኤማ ክፍል ይገባል። የአሜሪካዊው ዘፋኝ የዊሊ ኔልሰን ሸክላ ይዞራል። ሰውዬው አይናገርም። መሳቢያ ይከፍታል፤ የልጅነት አሻንጉሊት ድቧን ያገኛል፤ አልጋዋ ላይ ይጋደማል። ከዕቃዋ አንዱን አንስቶ ይስማል። ምን እንደሆነ እዚህ መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ምስጢር ለምትወዱት ይሄ ምስጢራችሁ ይሁን። ሽጉጡ የሚገኘውም በዚሁ ብርበራ ነው። በእኔ ሙያ ይህን ትዕይንት መቁረጥ የሚያምረው ሰው ብዙ ነው፤ «ይረዝማል» ይላል። አንድ አለቃዬ የነበረ ሰው እንዲህ ዓይነቱን ዝምታ ሁሉ አስቆርጦኝ ያውቃል፤ የወጣው ሥራ ዜና ይመስል ነበር። እዚህ ዝምታው ቢወጣ ሽጉጡ ተራ ማስረጃ ይሆናል። አሁን ግን አባት ልጁን እንደማያውቃት የሚያውቅበት ዕቃ ነው።

ከሞተች በኋላ ኤማ እየመጣች ታዋራዋለች። «መንፈስ ገባበት፣ ተበላሸ» የሚሉ አሉ። እነዚህ ሰዎች ልቅሶ ቤት ተቀምጠው አያውቁም እንዴ? እናቴ አባቴ ከሞተ በኋላ ለወራት ማታ ማታ በሩን ከመቆለፏ በፊት «ገብተሃል?» ትል ነበር። ማናችንም መንፈስ ነው አላልንም።

ለዚህ ነው ድጋሚ የሚታየው። ቢቢሲ ራሱ ስድስተኛው ክፍል ካለቀ ከ10 ቀን በኋላ በቢቢሲ 1 በሦስት ተከታታይ ማታ ደገመው። መጨረሻውማ በዚያን ጊዜ ምስጢር አልነበረም። ከዚያ ባፍታ ከሚባለው የብሪታንያ የፊልምና የቴሌቪዥን ሽልማት ስድስቱን ወሰደ።

እንግዲህ ልታዩት ከሆነ እንደ ወንድሜ ልጅ በ1.5 ፍጥነት አትዩት። «ጨርሼዋለሁ፣ ምኑ ነው?» ብሎኛል። ምኑን እንዳላየው ለማስረዳት እንኳ አልሞከርኩም። በማታ አንድ ክፍል ይበቃል። ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጡት። ሁለተኛውን ክፍል ሳትጨርሱ ካቋረጣችሁት ደግሞ ለእኔ አትደውሉ።