አቤሊሳውሪድ ማለት ቲ-ሬክስ ማለት አይደለም

አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ድንቅነሽን አይቶ «ዳይኖሰሮቹስ?» የሚል አይጠፋም። ድንቅነሽ የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ናት፤ ከወፎች በቀር ዳይኖሰሮች ያለቁት ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው።

አቤሊሳውሪድ የአንድ እንስሳ ሳይሆን የዳይኖሰር ቤተሰብ ስም ነው፤ መነሻው በ1985 እ.ኤ.አ. የተሰየመው የአርጀንቲናው አቤሊሳውረስ ነው። ሥጋ በል፣ በሁለት እግሩ የሚሄድ፣ እጁ አጭር ስለሆነ ብዙዎች ከቲ-ሬክስ ጋር ያምታቱታል። ጣት ቁጠሩ፦ ቲ-ሬክስ ሁለት፣ ከአቤሊሳውሪዶች አንዱ የሆነው ካርኖታውረስ አራት አለው። የካርኖታውረስ ከክርን በታች ያለው አጥንት ደግሞ የላይኛውን ክንድ ሩብ ቢያህል ነው። እጅ ከምንለው ጉቶ ብንለው ይሻላል! ከዓይኑ በላይ ሁለት ቀንድ አለው።

ዘመዶቹ ማጁንጋሳውረስ በማዳጋስካር፣ ራጃሳውረስ በህንድ ተገኝተዋል። ባሕር ተሻግረው አይደለም፤ አፍሪካ፣ ደቡብ አሜሪካ፣ ህንድና ማዳጋስካር ቀድሞ ጎንድዋና የሚባል አንድ ምድር ነበሩ። «የደቡብ ብቻ ናቸው» ማለትም ስህተት ነው፤ ፈረንሳይም ተገኝተዋል።

የማጁንጋሳውረስ አጥንት ላይ የራሱ ዝርያ ጥርስ ምልክት ታይቷል፤ የጭረቶቹ ርቀትና የጥርሱ መጋዝ መሰል ጠርዝ ይገጥማሉ። እርስ በርስ ይበላላ ነበር ማለት ነው።

በእኛም አገር በዓባይ ተፋሰስ የሥጋ በል ዳይኖሰር ጥርሶች ተገኝተዋል። ነገር ግን በአንድ ነጠላ ጥርስ ቤተሰብ መወሰን አስቸጋሪ ነው፤ የማይዛመዱ አዳኞችም ጥርሳቸው ይመሳሰላል።