የቀትር ጋኔን ምንድን ነው?

ስለ እምነትና ስለ ብቸኝነት የሚሠሩ የአውሮፓ አስፈሪ ፊልሞች ሌሊትን ይወዳሉ። ገዳሙ ይጨልማል፣ ሻማው ይጠፋል፣ ከበሩ ኋላ የማይታይ ነገር ያንኳኳል። ብቻቸውን ከአምላካቸው ጋር ለመኖር በረሃ የወረዱት የጥንት መነኮሳት ግን ከሁሉ የከፋውን ጠላት የሚጠብቁት በጠራራ ፀሐይ ነበር። የቀትር ጋኔን ይሉታል፤ መነኩሴን በቦታውና በኑሮው የሚያሰለች ፈተና ነው። ስሙ የተወሰደው ከመዝሙረ ዳዊት ነው፤ በልዑል መጠጊያ የሚኖር ሰው ከማይፈራቸው ነገሮች አንዱ ሆኖ በ90ኛው መዝሙር ተጠቅሷል።

ይህን ጋኔን ከማንም በላይ አጥርቶ የገለጸው ኤቫግርዮስ ነው። እ.ኤ.አ. በ345 ገደማ በጥቁር ባሕር አካባቢ በጳንጦስ ተወለደ፤ በቁስጥንጥንያ በዲያቆንነት አገለገለ፤ በክርክር ችሎታውም ስም አወጣ። ከአንዲት ባለትዳር ሴት ጋር ፍቅር ሲይዘው ከተማዋን ጥሎ ወደ ኢየሩሳሌም ሸሸ፤ ከዚያም ወደ ግብፅ ወርዶ በ399 እስኪያርፍ ድረስ በበረሃ ኖረ። የረጅም ጊዜ መኖሪያው ኬልያ የተባለች የመነኮሳት ሰፈር ነበረች። በኬልያ በዓቶቹ፣ ማለትም የመነኮሳቱ ማደሪያዎች፣ እርስ በርሳቸው የተራራቁ ነበሩ፤ መነኮሳቱ ሳምንቱን ለየብቻቸው ያሳልፉና ቅዳሜና እሑድ ለጸሎት ይሰበሰባሉ። ኤቫግርዮስ በቁም ጸሐፊነት ይተዳደር ነበር።

ኤቫግርዮስ ሰዓቱን የሚቆጥረው እንደ እኛው ከንጋት ጀምሮ ነው። ጋኔኑ ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ይመጣል፤ እስከ 8 ሰዓት ድረስ ነፍስን ከብቦ ይቆያል። መጀመሪያ ፀሐይን ያዘገያታል፤ ቀኑ 50 ሰዓት የረዘመ ይመስላል። መነኩሴው ዓይኑን ከመስኮቱ መንቀል ያቅተዋል። ከበዓቱ እየወጣ ለ9 ሰዓት ስንት እንደቀረው ለማወቅ ፀሐይዋን ይመለከታል፤ 9 ሰዓት የሚበላበት ሰዓት ነውና። ሁዳዴን እስከ 9 ሰዓት የጾመ አንባቢ ይህን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። ከዚያ ደግሞ ከወንድሞች አንዱ ብቅ ይል እንደሆነ ግራ ቀኙን ይቃኛል። ማንም የለም።

ጥላቻው የሚጀምረው ይሄኔ ነው። ቦታው ያስጠላዋል፣ ኑሮው ያስጠላዋል፣ የእጅ ሥራው ያስጠላዋል። በወንድሞች መካከል ፍቅር ጠፍቷል፣ አንተን የሚያጽናና የለም ይለዋል ጋኔኑ፤ ሰሞኑን ያስቀየመው ሰው ካለም እሱን እያነሣ ቁስሉን ይነካካል። ሥራ የሚቀልበትን፣ የሚያስፈልገው ሁሉ በቀላሉ የሚገኝበትን ሌላ አገር ያስመኘዋል። እግዚአብሔርን ማገልገል በቦታ አይወሰንም ይለዋል። ቤተ ዘመዱን፣ የጥንት ኑሮውን ያስታውሰዋል። በመጨረሻም ገና የሚጠብቀውን ረጅም ዕድሜና የተጋድሎውን ድካም ፊቱ ላይ ይዘረጋለታል።

ቀንድም ጩኸትም የሌለበት ይህ ገለጻ ከብዙ የሙታን ታሪክ ይልቅ ያስፈራኛል፤ ምክንያቱም ጋኔኑ ብዙ መዋሸት አያስፈልገውም። ስግደት በአንድ ተራራ እንደማይወሰን ክርስቶስ ራሱ ለሳምራዊቷ ሴት ነግሯታል። መነኩሴው ለመሸሽ የሚቀርብለት ምክንያት ከወንጌል የተወሰደ ነው። ብቻውን የሚኖር ሰው ደግሞ ይህ ሐሳብ የራሱ ይሁን የሌላ የሚጠይቀው ጓደኛ የለውም። ስለ እምነት የተሠራ አስፈሪ ፊልም ጭራቁን ከማውጣቱ በፊት እንዲህ ያለውን ቀትር ካላሳየኝ፣ የባለ ታሪኩን ብቸኝነት ለማመን እቸገራለሁ።

የኤቫግርዮስ መድኃኒት ቀላል ይመስላል፤ በዓትህን አትልቀቅ። እንባንም ይመክራል። ነፍስህን ለሁለት ከፍለህ አንዷ ሌላዋን ታጽናና ይላል፤ ለዚህም የዳዊትን ቃል ይሰጣል፦ «ነፍሴ ሆይ፥ ለምን ታዝኛለሽ? ለምንስ ታውኪኛለሽ?» ብቻውን ላለ ሰው ከዚህ የተሻለ ምክር አላገኘሁም፤ የሚያነጋግረው ሲያጣ ራሱን ያነጋግር ማለት ነውና። ይህን ጋኔን ያሸነፈ ሰው ወዲያው ሌላ ጋኔን አይከተለውም፣ ሰላምና ሊነገር የማይችል ደስታ ይሆንለታል ሲልም ጽፏል።

ትምህርቱን ወደ ምዕራብ አውሮፓ ያሻገረው በግብፅ መነኮሳት መካከል የኖረው ዮሐንስ ካስያን ነው። በ415 ገደማ በማርሴይ ገዳም መሠረተ፤ በጻፈው የገዳማት ሥርዓት መጽሐፍም 10ኛውን ክፍል በሙሉ ለዚህ ፈተና ሰጠ። እዚያ ውስጥ የአባ ጳውሎስ ታሪክ አለ። ይህ አባት ከከተማ የ7 ቀን መንገድ ርቆ ይኖር ስለነበር የእጅ ሥራውን ወስዶ ቢሸጥ ትርፉ የጭነት ኪራይ እንኳ አይሸፍንም ነበር። ቢሆንም ዓመቱን ሙሉ የዘንባባ ቅጠል እየሰበሰበ ይሠራል፤ ዋሻው ሲሞላ ሁሉንም ያቃጥልና እንደገና ይጀምራል። ለገበያ ሳይሆን ለልቡ ይሠራ ነበር።

በ6ኛው መቶ ዘመን የሮሙ ጳጳስ ታላቁ ጎርጎርዮስ ዋና ዋናዎቹን ኃጢአቶች እንደገና ሲደለድል ይህን ፈተና ከኀዘን ጋር ቀላቀለው። በኋላ ዘመን ደግሞ ሕዝቡ ዘንድ ትርጉሙ እየጠበበ ሄዶ ሀኬት፣ ተራ ስንፍና ሆነ። ይህ ትልቅ ጉዳት ይመስለኛል። ሰነፍ ሰው ይተኛል፤ የቀትር ጋኔን የያዘው ግን ብዙ ጊዜ ዕረፍት የለውም። ካስያን እንደሚለው እንቅልፍ የሚጥለው አለ፤ ሌላው ግን ወንድሞችን ልጠይቅ፣ ሩቅ ያለውን በሽተኛ ልጎብኝ፣ ረዳት የሌላትን ሴት ልርዳ እያለ ይነሣል። እያንዳንዱ ጉዞ በጎ ሥራ ነው፤ እያንዳንዱም ከበዓቱ ያስወጣዋል።