«ደረሰኙን አይቼዋለሁ» እና ሌሎች ጎንደር ላይ ገንዘብ የሚያስበሉ አመለካከቶች

ጥምቀት ሲቃረብ ጎንደር ውስጥ አልጋ ይጠፋል። ያኔ ነው ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ «ፒያሳ አካባቢ፣ ንጹሕ ክፍል፣ ቀብድ በቴሌብር» የሚለው ማስታወቂያ የሚበዛው። የክፍሉ ፎቶ እውነተኛ ነው፣ የሆቴሉም ስም እውነተኛ ነው። ሐሰቱ ያለው ቀብዱ በሚሄድበት ስልክ ቁጥር ላይ ብቻ ነው። ሰው ግን የሚመረምረው ፎቶውንና ስሙን ነው፤ ከታች ያሉት አመለካከቶችም የሚስቱት እዚሁ ላይ ነው።

«የጻፈልኝ የማውቀው ሰው ነው»

ከወዳጅ አካውንት መጣ ማለት ከወዳጅ መጣ ማለት አይደለም። የተለመደው የቴሌግራም ነጠቃ እንዲህ ይሄዳል፦ «እኅቴ ውድድር ላይ ናት፣ ድምፅ ስጡልኝ» የሚል መልእክት ከሊንክ ጋር ይደርሳል። ሊንኩ ስልክ ቁጥር ይጠይቃል። ቁጥሩ እንደገባ አጭበርባሪው በራሱ ስልክ የእርስዎን ቴሌግራም ለመክፈት ይሞክራል፣ ቴሌግራምም ባለ 5 አሃዝ ኮድ ለእርስዎ ይልካል። ገጹ «ድምፅዎ እንዲቆጠር ኮዱን ያስገቡ» ይላል። ያኔ አካውንቱ ሄደ።

ኮዱን በቴሌግራም ቻት ላኩልኝ የማይሉበት ምክንያት አለ፤ ቴሌግራም በራሱ ቻት ውስጥ የተላከ የመግቢያ ኮድን ወዲያው ከጥቅም ውጭ ያደርገዋል። ስለዚህ ወይ ድረ ገጽ ላይ ያስጽፋሉ፣ ወይ ደውለው «አንብቡልኝ» ይላሉ።

ከተነጠቁ ጊዜው ከእርስዎ ጋር ነው። አዲስ የገባ ስልክ ሌሎችን ማስወጣት የሚችለው ከ24 ሰዓት በኋላ ነው፤ የቆየው የእርስዎ ስልክ ግን አሁኑኑ ያስወጣዋል። ሴቲንግ፣ ከዚያ ዲቫይስስ፣ ከዚያ «ተርሚኔት ኦል አዘር ሴሽንስ» የሚለውን ይጫኑ። ቀጥሎ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ ውስጥ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽንን፣ ማለትም ከኮዱ በተጨማሪ የይለፍ ቃል የሚጠይቀውን፣ ይክፈቱ። ቅደም ተከተሉ አይገልበጥ፤ የይለፍ ቃል ማውጣት ብቻውን ቀድሞ የገባውን ሌባ አያስወጣም። የይለፍ ቃሉን ቢረሱ መልሰው የሚያገኙበት ኢሜይልም በእርግጥ የሚከፍቱት ይሁን።

«ጋሼ፣ 3,000 ብር ቶሎ ላክልኝ፣ ነገ እመልሳለሁ» ለሚል መልእክት ደግሞ መልሱ በመደበኛ ስልክ መደወል ነው። በዚያው በቴሌግራም «አንተ ነህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ሌባውን ስለ ሌባው መጠየቅ ነው።

«ሜሴጅ ከገባ ብሩ ገብቷል»

ቅዳሜ ገበያ ላይ ወረፋ ሲበዛ ነጋዴው የገዢውን ስልክ አይቶ ዕቃውን ያስረክባል። በገዢው ስልክ ላይ የታየ ነገር ሁሉ ግን ምስል ነው፣ ምስል ደግሞ በደቂቃ ይሠራል። የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው፤ «ቴሌብር» የሚል ጽሑፍ ይዞ ከተራ 09 ቁጥር የመጣ ከሆነ ሐሰት ነው። ይሁን እንጂ የላኪ ስምም ሊመሰል ስለሚችል መጨረሻው ማረጋገጫ የራስን ቀሪ ሒሳብ ማየት ነው፤ በመተግበሪያው፣ ወይም ኢንተርኔት ከሌለ በ*127#።

የንግድ ባንክ ደረሰኝ ላይ አንድ ጠቃሚ ነገር አለ። በግብይት ቁጥሩ መጀመሪያ ኤፍቲ (FT) ከሚለው ቀጥሎ ያሉት ሁለት አሃዞች የፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ ናቸው፣ ቀጣዮቹ ሦስቱ በዚያ ዓመት ስንተኛ ቀን እንደሆነ ይነግራሉ። ኤፍቲ25019 ብሎ የሚጀምር ደረሰኝ የጃንዋሪ 19 ቀን 2025 ነው፤ ማለትም የ2017 ጥምቀት ዕለት። የ«ዛሬ» ደረሰኝ ላይ የአምና ቁጥር ካዩ ቀኑ ተቀይሯል። ቁጥሩ ከቀኑ ጋር ቢገጥምም ግን ዕቃ አይልቀቁ፤ ጠንቃቃ አጭበርባሪ ይህንንም ያስተካክላል።

የዚሁ ዘመድ የሆነው «በስህተት 5,000 ብር ልኬልዎት ነው፣ ስለ እግዚአብሔር ይመልሱልኝ» የሚለው ነው። ቀሪ ሒሳብዎ ካልጨመረ የሚመለስ ነገር የለም። ጨምሮ ቢያገኙት እንኳ በራስዎ እጅ አይላኩ፤ ላኪው ወደ 127 ደውሎ ያመልክት።

«ፎቶው እውነተኛ ነው፣ ስለዚህ ወሬውም እውነት ነው»

አብዛኛው የምስል ሐሰት አልተቀናበረም፤ ቀኑ ወይም ቦታው ነው የተቀየረው። ጥር 2012 በጥምቀት በዓል ላይ ጎንደር ውስጥ የእንጨት መድረክ ተደርምሶ ሰዎች ሞተዋል። የዚያን ቀን ፎቶ «አሁን የደረሰን» ብሎ የሚለጥፍ ሰው አንድም ነጥብ ሳይነካ ከተማውን ያሸብራል።

ፎቶውን ስልክዎ ላይ ያስቀምጡና በጉግል ሌንስ ይፈልጉት፤ ከሚወጡት ውስጥ የሚፈለገው በጣም የቆየው ነው። ቪዲዮ ከሆነ ከተለያየ ቦታ ሦስት ስክሪንሾት ይውሰዱና እነሱን ይፈልጉ። ቴሌግራም ላይ ፎርዋርድ የተደረገ ከሆነ ከላይ ያለውን የቻናል ስም ሲነኩት ወደ መጀመሪያው ልጥፍ ይወስድዎታል፣ ቀኑም እዚያ አለ። ጎንደሬ ደግሞ ከጉግል የሚበልጥ ነገር ያውቃል፦ የፋሲል መዋኛ በቀሃ ውሃ የሚሞላው ለጥምቀት ነው። ወጣቶች ውሃው ውስጥ ሲዘሉ የሚታይበትን ቪዲዮ ሰኔ ላይ «የዛሬ» የሚል ካለ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

የሕክምና ርዳታ ጥሪም እንዲሁ ነው። ታማሚው አለ፣ የሐኪሙም ወረቀት አለ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥሩ ግን ተቀይሯል። ከመላክዎ በፊት ባንኩ የሚያሳይዎትን የባለ ሒሳብ ስም ከጥሪው ጋር ያስተያዩ።

«ሰማያዊ ምልክት አለው፣ ተከታዩም ብዙ ነው»

ሁለቱም በገንዘብ ይገኛሉ። ፌስቡክ ላይ ይልቅ «ፔጅ ትራንስፓረንሲ» የሚለውን ይክፈቱ፤ ገጹ መቼ እንደተከፈተና ስሙ ስንት ጊዜ እንደተቀየረ ያሳያል። ትናንት የቀልድ ገጽ የነበረ ዛሬ «የሥራ ማስታወቂያ» ሆኖ ቢያገኙት አይግረምዎት።

«እኔ አጋራሁ እንጂ አልጻፍኩትም»

የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የሚቀጣው ማሰራጨትን ነው፤ ላይክና ታግ ማድረግ እዚህ ውስጥ አይገቡም፣ ሼር ግን ለብዙ ሰው ማድረስ ነው። ለሐሰተኛ መረጃ ቅጣቱ እስከ 1 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር ነው። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው አካውንት ከሆነ እስከ 3 ዓመት ወይም እስከ 100,000 ብር ይደርሳል። ሕጉ ሐሰት መሆኑን ያወቀውን ብቻ ሳይሆን ማወቅ የሚገባውንም ይይዛል። «እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም» ብሎ መለጠፍም አያድንም፤ መጠራጠርን በራስ እጅ መመዝገብ ነው።

«አንዴ ከተበላ ተበላ»

ሁልጊዜ አይመለስም፤ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች መደወል ግን ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት እንዲታገድ ዕድል ይሰጣል፦ ለቴሌብር 127፣ ለንግድ ባንክ 951። ከዚያ ፖሊስ። ከመሳደብዎና ብሎክ ከማድረግዎ በፊት ቻቱን፣ ዩዘርኔሙንና የግብይት ቁጥሩን ስክሪንሾት ያንሱ፤ ቴሌግራም ላይ አጭበርባሪው ቻቱን ከእርስዎም ስልክ ጭምር ሊያጠፋው ይችላል። መበላትዎን በይፋ ከጻፉ ደግሞ «ሃከር ነኝ፣ ገንዘብዎን አስመልሳለሁ» የሚል ሰው በውስጥ መስመር ይመጣል። ቅድመ ክፍያ ይጠይቃል። እሱም ከዚያው ሙያ ነው።